ለልጅ ስም ስለ ማውጣት

ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ከወላጆቹ እጅ የሚቀበለው የመጀመሪያው ስጦታ ስም ነው። ልብሱን ኋላ ይለውጠዋል፤ የተወለደበትን ቤት ትቶ ሌላ ቤት ይሠራል፤ ሹመቱና ሀብቱም እንደ ጊዜው ከፍና ዝቅ ይላል። ስሙ ግን ዕድሜውን ሁሉ አብሮት ይቈያል፤ እርሱም ካለፈ በኋላ በልጆቹ ስም ላይ ተቀጥሎ ሲጠራ ይኖራል። ይህን ያህል ዘመን የሚያገለግለውን ስጦታ ተቀባዩ ራሱ መርምሮ ሊመርጠው አይችልምና፣ የመምረጡ ኀላፊነት በሙሉ በሰጪዎቹ ላይ የወደቀ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች ስም አወጣጥ፣ ይልቁንም ዘመን አመጣሽ የሆኑትን ስሞች ስለ መከተል ጥቂት ቃል ለክቡራን አንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ልጅ በተወለደበት ቤት ጠያቂ ሁሉ እናቲቱን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካለ በኋላ የሚያስከትለው ጥያቄ «ስሙን ማን አላችሁት?» የሚል ነው። በዚህ በእኛ ዘመን ግን ወላጆች አስቀድመው እርስ በርሳቸው የሚጠያየቁት ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል፤ ይኸውም «አሁን የሚወጣው ስም የትኛው ነው?» የሚለው ነው። በአራዳና በፒያሳ ሲመላለስ እናቶች ሕፃናትን ሲጠሩ ያዳመጠ ሰው ናታን፣ ኖላዊ፣ ኬብሮን፣ ኤልሮኢ፣ ሶልያና፣ ሄራን፣ አሜን የሚባሉትን ስሞች ደጋግሞ ይሰማል። አጭር ሆኖ ለአፍ የሚቀል፣ በውጭ አገር ፊደል ለመጻፍ የማያስቸግር፣ ከቅዱሳት መጻሕፍት ወይም ከግዕዝ የተገኘ ስም ዛሬ እጅግ የተወደደ ሆኗል። አያቶችም አንዳንድ ጊዜ የልጅ ልጃቸውን ስም ለመያዝ ሲቸገሩ፣ በገዛ እጃቸው «ማሙሽ» ወይም «ሚሚ» ብለው ይገላገላሉ።

ይህን አይተው «የዛሬ ሰው የአባቶቹን ስም ናቀ» ብለው የሚያዝኑ ሽማግሌዎች አሉ። ኀዘናቸው ምክንያት የሌለው ባይሆንም፣ ዘመን አመጣሽ ስም መከተል ዛሬ የተጀመረ ነገር እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። የጎንደር ነገሥታት ዐፄ ፋሲል ዓለም ሰገድ፣ ቀዳማዊ ዮሐንስ አእላፍ ሰገድ፣ ቀዳማዊ ኢያሱ አድያም ሰገድ እየተባሉ ስለ ተጠሩ፣ ኋላም ከመኳንንቱ ወገን «ሰገድ» የሚል ቃል ያለበት ስም የሚያወጣ ተገኝቷል። በአራዳ ሰፈሩ በስማቸው የሚጠራላቸው ደጃዝማች ውቤ የአጥናፍ ሰገድ ልጅ ነበሩ። ጠላት ከአገራችን በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ነፃነት የሚል ስም ለብዙ ልጅ ወጣ፤ በ1966 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ደግሞ አብዮት ተብለው የተጠሩ ሕፃናት ነበሩ። እነዚህ ሁሉ በየጊዜያቸው አዲስ ነበሩ፤ ዛሬ ግን የስሙ ባለቤት በየትኛው ዘመን እንደ ተወለደ ያለ ምስክር የሚናገሩ ሆነዋል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የአራዳ ቤተ ሰብ እናስብ። ቅድመ አያቱ ገብረ ማርያም፣ አያቱ ከበደ፣ አባቱ ዳዊት፣ ልጁም ናታን ይባላል እንበል። በዚህ በአንድ የትውልድ መስመር ውስጥ የአንድ መቶ ዓመት ታሪክ ተጽፎ ይገኛል። ቅድመ አያቱ ከክርስትና ስሙ ሌላ አልፈለገም፤ አያቱ ክብደትና ግርማ ያለውን ስም መረጠ፤ አባቱ የነቢዩን ንጉሥ ስም ያዘ፤ ልጁ ደግሞ ያንን ንጉሥ የገሠጸውን ነቢይ ስም ይዞ መጣ። ማንኛቸውም አልተሳሳቱም። እያንዳንዱ ግን ሲመርጥ ለልጁ ብቻ የመረጠ ይመስለው ነበር እንጂ፣ የመረጠው ስም ለልጁ ልጆችም የአባት ስም ሆኖ እንደሚያገለግል ምን ያህል አስቦት እንደ ሆነ ያጠራጥራል።

የዛሬው ነገራችን ራስ ይህ ነው። በብዙ አገር ሰው ሁሉ ከአያት ከቅድመ አያት የሚወርድ አንድ የቤተ ዘመድ ስም ስላለው፣ ለልጁ የሚያወጣው ስም እንደ ኮት አበባ ለአንድ ሰው የሚሆን ጌጥ ነው። በአራዳ አብረውን የኖሩትን አርመኖች መመልከት ይበቃል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን 40 የአርመን ልጆች ሙዚቃ ያሠለጥኑ የነበሩትና የዚያን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባሉ ነበር። ከእርሳቸው በኋላ በቴአትር ቤቶቻችን ሙዚቃ ታላቅ ሥራ የሠሩት የወንድማቸው ልጅ ደግሞ ኔርሰስ ናልባንዲያን ይባላሉ። አጎትና የወንድም ልጅ በአንድ ስም ይታወቃሉ፤ የግል ስማቸው ቢለወጥ የቤታቸው ስም አይናወጥም።

በእኛ ዘንድ ግን የቤት ስም የለም። የአባት የግል ስም ለልጅ ሁለተኛ ስም ይሆናል፤ የልጁም የግል ስም በተራው ለልጅ ልጅ ሁለተኛ ስም ይሆናል። ሴቲቱም ስታገባ የአባቷን ስም እንደ ያዘች ትኖራለች እንጂ ወደ ባልዋ ስም አትዛወርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጽ ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን የአባቶቹን ሥርዓት አልለወጠም። እንግዲህ በዚህ አገር ለልጁ ስም የሚያወጣ አባት በአንድ ጊዜ ሁለት ስም ማውጣቱ ነው፤ ለልጁ የግል ስም፣ ገና ላልተወለዱት የልጅ ልጆቹም የአባት ስም ያወጣል። ዛሬ በእናቱ እቅፍ ሲጠሩት የሚያስደስተው የሕፃን ስም፣ ከ50 ዓመት በኋላ በአንድ ዳኛ ወይም በአንድ ሐኪም ስም ላይ ተቀጥሎ ሲነበብ እንዴት እንደሚሰማ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

ይህ ነገር ከአገር ውጭ ሲሆን ይልቁን ጎልቶ ይታያል። በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ባሸነፈ ጊዜ የውጭ አገር ጋዜጦች «ቢቂላ» እያሉ ጻፉ። የልጁን ድል በአባቱ ስም አከበሩት ማለት ነው። በኋላ ዘመንም ከበቆጂ የወጡት ሦስት እኅትማማች ሯጮች እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ በዓለም ሁሉ «ዲባባዎቹ» ተብለው ታወቁ። አባታቸው ልጃቸውን ዲባባ ብለው የሰየሙት ሰው ይህ ስም አንድ ቀን በኦሎምፒክ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል ብለው አላሰቡም ይሆናል፤ ስሙ ግን የት ድረስ እንደ ሄደ እናያለን። ዛሬ ብዙ ቤተ ሰብ በውጭ አገር ዘመድ ያለው ስለ ሆነ፣ ልጆቻችንም ለትምህርትና ለሥራ ስለሚሄዱ፣ የአባት ስም በሰው አገር እንደ ቤት ስም መቈጠሩ ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም። እናትና ልጅ በአንድ ላይ ሲጓዙ የሁለተኛ ስማቸው መለያየት የጥያቄ ምክንያት የሚሆንበት ጊዜም አለ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን፣ ስሙን ብቻውን ሳይሆን ከአባቱ ስም ጋር አያይዛችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩት የሚል ነው። አማርኛ ስምን ከስም ጋር ሲያገናኝ ሳይታሰብ ዓረፍተ ነገር ይሠራል። አባት ዘገየ ቢባልና ሴት ልጁን ደስታ ቢላት «ደስታ ዘገየ» ይሆናል። አባት ይበቃል ቢባልና ልጁ ፍቅር ቢባል «ፍቅር ይበቃል» ተብሎ ይነበባል፤ ይህን አንዱ ለበጎ፣ ሌላው ለመሰልቸት ሊተረጕመው ይችላል። አባት አስጨናቂ ቢባልና ልጂቱ ሰላም ብትባል፣ ሁለቱም ለየብቻቸው መልካም ስሞች ሳሉ፣ አንድ ላይ ሲሆኑ የትምህርት ቤት ልጆች ሳይሥቁ አያልፉም። በአንጻሩ ደግሞ ተስፋዬ የተባለ አባት ልጁን ብሩክ ቢለው «ብሩክ ተስፋዬ» ተብሎ ምርቃት ይሆናል። የቀደሙት ሰዎች ይህን በጥንቃቄ ያዩት ነበር፤ ዛሬም ከዕብራይስጥም ሆነ ከግዕዝ ስም ሲመረጥ ማየት ይጠቅማል።

ሁለተኛው ምክራችን የስሙን ትርጕም ስለ መመርመር ነው። ኖላዊ በግዕዝ እረኛና ጠባቂ ማለት ነው፤ ናታን በዕብራይስጥ ሰጠ ማለት ነው፤ ለልጅ የሚገቡ መልካም ስሞች ናቸው። ኬብሮን የከተማ ስም እንደ ሆነ፣ ኤልሮኢም በኦሪት ዘፍጥረት አጋር በበረሃ ሳለች እግዚአብሔርን የጠራችበት ስም እንደ ሆነ ያወቀ ወላጅ ዐውቆ ይመርጣል ወይም ዐውቆ ይተዋል። ችግሩ ያለው ስሙን ለድምፁ ማማር ብቻ ይዞ፣ ትርጕሙን ግን አንዱ ለሌላው በሰጠው ወሬ ማመን ላይ ነው። «በግዕዝ እንዲህ ማለት ነው» ተብሎ የሚነገር ሁሉ በግዕዝ አይገኝም። በቅርብ የሚገኝ የቅኔ መምህር መጠየቅ፣ ወይም በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት መግለጥ ብዙ ድካም የለውም። ልጁ አድጎ «ስሜ ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ እውነተኛ መልስ ሊያገኝ ይገባዋልና።

በዚህ ላይ ሌላ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ብዙዎቹ የአማርኛ ስሞቻችን የወላጅ ቃል ናቸው፤ በውስጣቸው አባት ወይም እናት ሲናገሩ ይሰማል። እጅጋየሁ ስንል «ብዙ አየሁ» የምትለው እናት ናት፤ ጥሩነሽ ስንል ልጂቱን ፊት ለፊት ተመልክቶ የሚያመሰግናት ወላጅ አለ። የዳግማዊ ምኒልክ እናትም እጅጋየሁ ይባሉ ነበር። ልጅ ሞቶባቸው ሌላ ልጅ ያገኙ ወላጆች ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ፣ አስረሳኸኝ እያሉ ሰይመዋል። ዛሬ የምንወዳቸው አጫጭር ስሞች ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይናገሩም፤ ያማሩ ቃላት ናቸው፣ የወላጁ ድምፅ ግን አይሰማባቸውም። አዲሱን ስም የሚመርጥ ቤተ ሰብ ይህን ጉድለት በሌላ መንገድ መሙላት ይችላል፤ እንዴት እንደ ሆነ ወደ ኋላ እንናገራለን።

ይሁን እንጂ የወላጅን ቃል በልጅ ላይ ማኖርም ጥንቃቄ ይሻል። ካሳ የተባለ ልጅ አይቶት የማያውቀውን የወንድሙን ሞት በየቀኑ በስሙ ይሸከማል። ይህ ስም ታላቅነትን እንዳልከለከለ ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ ራብዓይ ይመሰክራሉ፤ ሁለቱም ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ይባሉ ነበርና። ሆኖም እናት በኀዘንዋ ትኩስነት የምታወጣው ስም ልጁን ለሌላ ሰው ምትክ እንጂ ለራሱ እንዳልተወለደ እንዳያስመስለው መጠንቀቅ የደግ ወላጅ ሥራ ነው። ኀዘንን በጸሎትና በተዝካር መወጣት ይቻላል፤ ሕፃኑን ግን ለገዛ ራሱ በሆነ ስም መጥራት ይሻላል ብለን እናስባለን።

ስም ለሰው ምን ያህል እንደሚሆነው ለማወቅ ከመቅደላ የወጡትን የሁለት ልጆች ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ገና የ7 ዓመት ልጅ ሳለ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። «ዓለም አየሁ» ብሎ የሰየመው አባት በልጁ ደስታ አየሁ ማለቱ ነበር፤ ልጁ ግን ዓለምን ያየው በስደት ሆነ። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐርፎ በዊንድሶር ተቀበረ። ስሙን እስከ ሞቱ ይዞታል። በዚያው ጊዜ ሌላ ትንሽ ልጅ የእንግሊዝ መኰንኖች ወስደው በሕንድ አገር አሳደጉት፤ ባሳደጉትም ሰዎች ስም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ይህ ልጅ ሐኪም ሆኖ ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ዘመዶቹ ለይተው ዐወቁት፤ ወርቅነህ እሸቴ የሚለውን ስሙንም መለሱለት። ኋላ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የሆኑት ሐኪም ወርቅነህ እኒህ ናቸው። ቋንቋውን የረሳ፣ አገሩን የማያውቅ ሰው ወደ ቤቱ የተመለሰው በዘመዶቹና በስሙ እጅ ተመርቶ ነው።

ከአንድ በላይ ስም መያዝ በአገራችን የቈየ ልማድ ስለ ሆነ፣ ዘመን አመጣሹን ስም ከአባቶች ስም ጋር ማስማማት አስቸጋሪ አይደለም። ሰው የዓለም ስም አለው፤ የክርስትና ስም አለው፤ የቍልምጫ ስም አለው፤ ጀግናም ከሆነ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ መላ እንደ ተባለው የፈረስ ስም ነበረው። ይህን ለማስረዳት ከአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የበለጠ ምስክር የለም። ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. በዚህ ቤተ ክርስቲያን ሲነግሡ፣ አስካለ ማርያም የሚለው የክርስትና ስማቸው ሳለ፣ በዓለም ስማቸው ዘውዲቱ ተብለው ነገሡ። ተፈሪ መኮንን ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዚያው ቤተ ክርስቲያን ሲነግሡ የዓለም ስማቸውን ትተው በክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ተባሉ። በአንድ ቤተ መቅደስ በ14 ዓመት ልዩነት አንዱ ስም ከፍ አለ፣ ሌላውም ከፍ አለ። እንግዲህ ልጁ በትምህርት ቤት ናታን ቢባልና በጥምቀቱ ገብረ ማርያም ቢባል፣ አንዱ ሌላውን የሚሽር አይሆንም።

የአያትን ስም መመለስም አንድ መልካም መንገድ ነው። ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ልጃቸው በ1917 ዓ.ም. መጀመሪያ የተወለደላቸውን ወንድ ልጅ መኮንን ብለው በአባታቸው ስም ጠሩት። በዚህም የአያቱ ስም በልጅ ልጁ ተነሣ። ፒያሳን ከአራት ኪሎ አቅጣጫ የሚያገናኘውን የራስ መኮንን ድልድይ የሚያልፍ ሰው ስም በድንጋይም እንደሚኖር ያያል፤ በሰው ሲኖር ግን ይበልጣል። የአያት ስም ለዛሬ ልጅ የከበደ ከመሰለ ለጥምቀት ስም ወይም ለሁለተኛ ስም ማድረግ ይቻላል።

ስም ከአንድ ቋንቋ ብቻ መውጣት አለበት የሚል ሐሳብም የለንም። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር የሆኑት ፊታውራሪ፣ ዛሬ በአራዳ በኩል ያለው ድልድይ በስማቸው የሚጠራው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ናቸው። የክርስትና ስማቸው ከግዕዝ፣ የአባታቸው ስም ከኦሮምኛ ሆኖ በአንድ ሰው ላይ ተስማምቶ ኖሯል። አበበ ማለት በአማርኛ አበባ አወጣ ማለት ነው፤ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ያሸነፈችው ደራርቱ ስምዋ በኦሮምኛ ማበብን ያመለክታል። እቴጌ ጣይቱ ለዚህች ከተማ «አዲስ አበባ» የሚል ስም ሲያወጡ ያሰቡትም ይህንኑ ነው። የእርሳቸውም ስም ፀሐይን ያመለክታል፤ ዛሬ ልጁን ቢፍቱ የሚል የኦሮሞ ወላጅ ያንኑ ፀሐይ በሌላ ቋንቋ ይጠራል። አገራችን በቋንቋ የበለጸገች ስለ ሆነች ወላጅ ሩቅ አገር ሳይሄድ የሚመርጠው ብዙ ነው።

የተሰጠ ስም መልሶ ለመንቀል ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ ደግሞ ፒያሳ ራስዋ ታስተምረናለች። የቀድሞ ስምዋ አራዳ ነበር። ጠላት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በከተማችን ተቀምጦ ሳለ በገዛ ቋንቋው አደባባይ ለማለት ፒያሳ አላት። አምስት ዓመት ብቻ ቈይቶ ወጣ፤ ስሙ ግን ከእርሱ ጋር አልወጣም። አደባባዩ በኋላ ደጎል ተብሎ ቢሰየምም ሕዝቡ ፒያሳ ማለቱን አልተወም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው አሮጌ ሰፈር ሲፈርስ ቤቶቹ ጠፉ፤ ስሙ ግን እዚያ ባደጉት ሰዎች አፍ አለ። የጎረቤት ልጅ ስላማረበት ብቻ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለልጁ ስም የሚያወጣ ሰው፣ ስም ከቤትና ከመንገድ ይልቅ ዕድሜው ረዥም እንደ ሆነ ከዚህ ይረዳ።

አሁን ስለ ቀኑ እንናገር። ስም ለማውጣት የሚፈቀደው ጊዜ በልማድና በሕግ ተወስኗል። በኦርቶዶክሳውያን ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ትጠመቃለች። ሙስሊሞች ወገኖቻችን አብዛኛውን ጊዜ በ7ኛው ቀን ስም ያወጣሉ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ምዝገባውም በመላ አገሪቱ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። እንግዲህ ሴት ልጅ ከተጠመቀች በኋላ ለመዝገቡ የሚቀረው 10 ቀን ብቻ ነው። ሁለት ስም የሚያስብ ቤተ ሰብ የትኛው በመዝገብ እንደሚገባ ከጥምቀቱ አስቀድሞ መቍረጥ አለበት። በወረዳው ጽሕፈት ቤት መስኮት ፊት ቆሞ መከራከር ለልጂቱም ለመዝጋቢውም አይበጅም።

የአጻጻፉንም ነገር በዚያው ቀን መወሰን ይገባል። ኃይሉ በብዙኃኑ «ኀ» ይጻፍ ወይስ በሃሌታው «ሀ»፣ ፀሐይ በፀሐዩ «ፀ» ይጻፍ ወይስ በጸሎቱ «ጸ» የሚለውን አባት በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ አንድ ጊዜ አጽፎ፣ ኋላ በትምህርት ቤትም በመታወቂያም ያንኑ ማጽናት አለበት። በውጭ አገር ፊደል ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ ጽጌ ወይም ኀይለ ሚካኤል የሚባል ስም በሦስትና በአራት ዓይነት ሲጻፍ እናያለን። በአንዱ ወረቀት አንድ፣ በሌላው ሁለት ቃል ሆኖ የተጻፈ ስም ልጁ ለፓስፖርት ወይም ለትምህርት ሲቀርብ ሁለት ሰው ያስመስለዋል። ይህ ትንሽ ጥንቃቄ ኋላ የብዙ ቀን መመላለስን ያድናል።

በመጨረሻ፣ ስሙን ማን ያውጣ የሚለው ጥያቄ የብዙ ቤት ሰላም ሲያናጋ ስለ ታየ ዝም ብለን አናልፈውም። አባት የልጁ ስም ከስሙ ጋር ስለሚያያዝ መብቱ የእኔ ነው ይላል፤ እናት ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ ነኝ ትላለች፤ አያቶችም በሁለቱም ወገን የየራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። በሉቃስ ወንጌል የተጻፈውን የዘካርያስንና የኤልሳቤጥን ነገር እናስታውሳለን። ዘመድና ጎረቤት ሕፃኑ በአባቱ ስም ይጠራ ባሉ ጊዜ አይሆንም ያለችው እናቲቱ ናት፤ አንደበቱ የተዘጋው አባትም በሰሌዳ ላይ ያንኑ የእርስዋን ቃል ጻፈ። ሁለቱ ሳይነጋገሩ በአንድ ሐሳብ ስለ ተገኙ ከቤተ ዘመዱ ክርክር ሕፃኑ ዳነ። እንዲሁ ባልና ሚስት አስቀድመው በክፍላቸው ተስማምተው ለቤተ ዘመድ ቢያቀርቡ፣ ለአያቶችም የጥምቀቱን ወይም የቍልምጫውን ስም ቢተዉላቸው፣ ሁሉም በልጁ ላይ ድርሻ ያገኛል፤ ቅር የሚሰኝም አይኖርም።

ስሙ ሲወጣ ደግሞ የቀደመው ዘመን ሰዎች በዳዊታቸው ኅዳግ ላይ የልጅ ልደት ይጽፉ እንደ ነበረ፣ ዛሬም በቤቱ መጽሐፍ ቅዱስ ወይም በአንድ የከበረ ደብተር ላይ የልጁን ስም፣ የተወለደበትን ቀን፣ ስሙን ያወጣለትን ሰውና ምክንያቱን በሁለት መስመር መጻፍ ይጠቅማል። አዲሶቹ ስሞች የወላጅን ድምፅ አያሰሙም ብለን የነቀፍነው በዚህ ይሞላል። ናታን የተባለ ልጅ አንድ ቀን ደብተሩን ገልጦ «ከስምንት ዓመት ጥበቃ በኋላ እግዚአብሔር ስለ ሰጠን» የሚል የእናቱን ጽሕፈት ቢያገኝ፣ ያ ባዕድ የመሰለ ስም ከተካልኝና ከእጅጋየሁ ጋር እኩል የእናቱ ቃል ይሆንለታል። ይህን የምታደርጉ ወላጆች ከፒያሳ ወርቅ ቤት በስሙ ካሠራችሁለት ሐብል የበለጠ ጌጥ ሰጣችሁት።

አባቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። መልአኩ ግን ወላጆች ሲመክሩ በመካከላቸው ቢገኝ እንጂ ሳይመክሩ አይደርስላቸውም። በዚህ ሰሞን ልጅ የተወለደላችሁ ወይም የምትጠብቁ አንባቢዎቻችን ሁሉ የመረጣችሁትን ስም ዛሬ ማታ ከአባቱ ስም ጋር አያይዛችሁ ሦስት ጊዜ ጥሩት፤ ከዚያም እርሱን የአባት ስም አድርጋችሁ ገና ያልተወለደ የልጅ ልጅ ስም በፊቱ ጨምሩና እንደ ገና ጥሩት። በሁለቱም ደስ ካላችሁ ዘመን አመጣሽም ቢሆን የአባቶችም ቢሆን ለልጃችሁ የሚገባው ስም እርሱ ነውና፣ እንኳን ደስ ያላችሁ እንላለን።